ከጀልባዋ ሥር ሲንኳኳ

ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ፤ ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ መውጣት ጀመርሽ ወይስ አሁንም መሀሉ ላይ እየቆምሽ ከጎረቤት ጋር ወሬ ትይዣለሽ? ብርድ ሲገባ የሚነሳብሽ ሳልስ ተወሽ? ታናሽ እህቴ ለፈተናዋ እየበረታች ነው? አክስቴ ያን ጥርሷን አስነቀለችው ወይስ ዛሬም «ለነገ ይደር» እያለች ጉንጯን አሳብጣ ትዞራለች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም፤ ሰሞኑን ግን ከናፍቆቱ የባሰ ነገር ገጥሞኝ ስለነበር እሱን ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

«ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ያንቺን ስልክማ አውቀዋለሁ፣ እማዬ። ድምፁን እስከ ጥግ ከፍተሽ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጪውና እኔ አንቺን ሳናግር አክስቴ ከጓዳ ሆና ትመልስልኛለች፤ በማግስቱ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ስለ እኔ ጉንፋን ያወራል። ይህ ግን ልብስ ሰፊው የሚሰማው ነገር አይደለም። መነጽርሽን አድርገሽ፣ በሩን ዘግተሽ፣ ብቻሽን አንብቢው። ደግሞ እንደ ልማድሽ መጨረሻውን ቀድመሽ እንዳታዪው። እንዳትደነግጪ አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ፤ ሁሉም በሕይወት አለ፣ ባሕሩ ማንንም አልወሰደም። ለጥቂት ነበር እንጂ።

አባባን ስትልኪልኝ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ያልሽኝን አልረሳሁትም። «የባሕር አየር ለጉልበቱ ይበጀዋል ብዬ ነው የላክሁት፤ እውነተኛው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ዓይኔ ሳይከደን እሱንና ወንድምሽን አስታርቂልኝ» ነበር ያልሽኝ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይቸግራል! ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ራሴን ይዤ የተቀመጥኩት።

የጠቡን ነገር ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ነገር ግን ከሥሩ ካልተነሳሁ ጫፉ አይያዝልኝም። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ነድቷል። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ደግሞ ሱሪ መታጠቅ ከቻለ ጀምሮ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ረዳቱ ነበር፤ ሸራ ሲያስር፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ሲያስገባ ነው ያደገው። ኋላም መካኒክ ሆኖ አባባ የሚነዳበት ድርጅት ገባ። ከዚያ ያ የተረገመ ቀን መጣ። ጋሼ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቶ «አባቴ መንገዱን በደንብ አያየውም፤ ሰው ሳይገድል ከመሪው አውርዱልኝ» አለ። አባባ ሾፌሮቹ ሁሉ እያዩት ቁልፉን አስረከበ። «ዓይኔ የንስር ነው፤ አሳልፎ የሰጠኝ የገዛ ልጄ ነው» ብሎ ቤት ገባ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ የጋሼ ስም ቤታችን ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም። ጋሼ አገር ለቅቆ መጣ፣ አገባ፣ ሴት ልጅ ወለደ። አባባ የልጅ ልጁን ፎቶ ሲያሳዩት እንኳ ፊቱን ያዞራል ብለሽ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።

ጋሼም ቢሆን የአባቱ ግልባጭ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ! ስንት ሽማግሌ ገብቶ ስንት ሽማግሌ ወጣ። ነገሩ ሲነሳ አባባ ጫማውን አጥልቆ ውልቅ ነው፤ ጋሼ ደግሞ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዘጋዋል። ሁለቱም ማኩረፍ ብቻ ሳይሆን መሄድ ይችሉበታል። ስለዚህ እኔ የሚሄዱበት በር የሌለው ቦታ አሰብኩላቸው።

ሐሳቡ የመጣልኝ ከሥራዬ ነው። እንደምታውቂው የምሠራበት ቤት ለእረፍት ወደዚህ ወደ ሞቃቱ ባሕር ዳርቻ ለሚመጡ ሰዎች የሞተር ጀልባ ያከራያል። ጀልባዎቹን አጥባለሁ፣ ፎጣ እቀይራለሁ፣ ተንሳፋፊ ሰደርያዎቹን አሰጣለሁ፤ ቋንቋውን ከለመድኩ ወዲህ ደግሞ አለቃዬ ፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣኝ ከእንግዶቹ ጋር እደራደራለሁ። ስንቱን አየሁ መሰለሽ! ባልና ሚስት እየተነቋቆሩ መጥተው ጀልባ ይከራያሉ፤ ጠዋት አንዱ ከፊት አንዷ ከኋላ ተቀምጠው ይሄዳሉ፤ ማታ ሲመለሱ ጎን ለጎን ናቸው። ምን አደረጋችሁ ብዬ ብጠይቃት አንዷ «ወዴት እሄዳለሁ፣ ዙሪያው ውኃ ነው» ብላኛለች። ይህን ቃል ልቤ ውስጥ አስቀምጬው ነበር።

አለቃዬን ለመንኳት። እሷም አንዷ ጀልባ እንግዳ የሌለባት ቀን ጠብቃ ሰጠችኝ፤ ጥላ ያላት፣ ነጭ፣ አሮጌ ግን ጨዋ ጀልባ ናት። አንድ ነገር ብቻ ግድ አለችኝ፤ ካፒቴኑ አብሮን እንዲሄድ። እኛ ሠራተኞቹ አቶ ነፋስ ነው የምንለው። እንዴት አደርክ ስትዪው «ከሰዓት ከደቡብ ይነሳል» ብሎ ነው የሚመልስልሽ። ሚስቱ መንታ የወለደች ቀን እንኳ እንኳን ደስ ያለህ ስንለው ስለ ነፋስ ነው ያወራን። ክፉ ሰው አይደለም፤ አፉ ከባሕሩ ሌላ ነገር አያውቅም እንጂ።

ለአባባ «በጀልባ ላዝናናህ ነው፣ መንገድ ላይ አንድ ሰው ይጨመርልናል» አልኩት፤ ማን እንደሆነ አልተናገርኩም፣ እሱም አልጠየቀኝም። ለጋሼ ደግሞ «አለቃዬ ጀልባ ሰጥታኛለች፣ ከሥራ ፈቃድ ወስደህ ና» ብቻ አልኩት፤ ስለ አባባ ትንፍሽ አላልኩም። አታላይ በዪኝ፤ የአንቺው ልጅ ነኝ።

በማለዳ ከወደቡ ተነሳን። አባባ ተንሳፋፊ ሰደርያውን ሳለብሰው «እንደ ሕፃን ልታዝዪኝ ነው እንዴ?» ብሎ ተቆጣ፤ ሕግ ነው ስለው ግን ክንዱን ሰጠኝ። ከዚያ የት ሄዶ ተቀመጠ መሰለሽ? ከካፒቴኑ ጎን። መሪውን በመዳፉ ዳሰሰው፣ የማርሹን ዘንግ ነካው፣ ቁልፉን ነካው፣ ይቺ ምን ትሠራለች፣ ያቺስ እያለ እኔን አስተርጓሚ አድርጎ አቶ ነፋስን አደረቀው። ሰፊው ውኃ ላይ ስንደርስ ካፒቴኑ መሪውን አሲያዘው። እማዬ፣ ፊቱን ባየሽው! «መሪዋ ትንሽ ናት፤ ግን ትታዘዛለች» አለኝ። ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነበር። እኔ ግን የሚመጣውን አውቃለሁና ዳርቻውን በዓይኔ እፈትሽ ነበር።

ከተራራው ወዲያ ያለችው የዓሣ አጥማጆች መውረጃ ላይ ጋሼ ቆሞ ይጠብቀናል። ጀልባዋ ጠጋ እንዳለች ዘሎ ገባ፤ አቶ ነፋስም ወዲያው አንደረደራት። ጋሼ ቀና ሲል ከአባባ ጋር ፊት ለፊት ገጠመ። አባባም ዞሮ አየው። በደንብ ነው ያየው፣ እማዬ፤ ፊቱን ወደ ፊቱ አድርጎ። ከዚያ ምንም ሳይል፣ ቅንድቡ እንኳ ሳይነቃነቅ፣ ወደ መሪው ተመለሰ። ጋሼ እንደዚያ ከሚያየው ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ፊቱ ሲገረጣ አየሁት። ለእኔ የወረወረልኝ ዓይን ደግሞ አሁንም ያቃጥለኛል። መውረጃው ከኋላችን ርቋል፤ ሄዶ ገመድ ማስቀመጫው ሣጥን ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ።

እኔ ያሰብኩት ለጥቂት ጊዜ ተኮራርፈው ከዚያ አንዱ አንድ ቃል ይወጣዋል ብዬ ነበር። አልሆነም። ደሴቶቹን ዞርን፣ ውኃው እንደ መስታወት ጠርቶ አሸዋው ከሥር ይታያል፣ እንግዶቻችን ከሩቅ አገር የሚመጡለት ነገር ሁሉ ፊታችን ነበር፤ እኔ ግን የሁለቱን ጀርባ ከማየት በቀር ያየሁት የለም። ጥርሴን ነክሼ ዳቦ ቆረጥኩ፣ እንቁላል ላጥኩ።

አንድ ጊዜ አባባ ጠማውና እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ በጣቱ ምልክት አደረገ። ቅርብ የነበረው ጋሼ ነው። ጋሼ ተነስቶ የውኃውን ጠርሙስ እጁ ላይ አኖረለት። አባባ ጠጣና ራሱን ነቅነቅ አድርጎ አመሰገነው፤ በእኛ ቋንቋ ግን አልነበረም፣ እኔ እዚህ ባስተማርኩት በዚህ አገር ቋንቋ ነው። ጋሼ ወደ እኔ ተመለሰ። በጆሮዬ «ሰማሽው? በባዕድ ቋንቋ፣ እንደ ባዕድ! ከአሁን በኋላ ስለዚህ ሰው ብታነሺብኝ እህቴ አይደለሽም» አለኝ። እኔም እኮ በአባባ ጨክኜበታለሁ። ይህን ያህል ያከረረ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር።

ምሳ ለመብላት በድንጋይ የተከበበች ጥግ ውስጥ መልሕቅ ጣልን። ጋሼ ልብሱን አውልቆ ውኃ ገባና ዋኝቶ ርቆ ሄደ፤ ሳይበላ ቀረ። አባባ እንቁላሉን እየበላ «ያ ሰውዬ አይበላም እንዴ?» አለኝ። ያ ሰውዬ! የበኩር ልጁን! እኔም ቁጣዬን ውጬ «አፍ አለው፣ ሲርበው ይበላል» አልኩት። እሱም «ሠርቶ ሳይበላ እንዳይቀር ብዬ ነው» አለ። ነገሩ አልገባኝም፤ ሹፈት መሰለኝ።

ከዚያ ነፋሱ ተነሳ። አቶ ነፋስ ከጠዋት ጀምሮ ከሰዓት ይመጣል ሲል የነበረው ነገር ቀደም ብሎ ደረሰ፤ ያን ጸጥ ያለ ውኃ ገላበጠው። ካፒቴኑ በፉጨት ጋሼን ጠራው፣ መልሕቁን አወጣ፣ ሞተሩን አስነስቶ ማርሽ አስገባ። ጥቂት እንደሄድን ከሥራችን አንድ ነገር አንገቱ እንደተያዘ ሰው አጓራና ሞተሩ ጠፋ። ተቆርጦ የተጣለ የመረብ ገመድ ነው፤ ከውኃው ሥር እየተሽከረከረ ጀልባዋን የሚገፋው ባለ ስለት ብረት ላይ ተጠምጥሞ አንቆታል። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ማለት ይኼ ነው። ነፋሱ ወደ ድንጋዮቹ ይገፋናል።

ካፒቴኑ መልሕቁን መልሶ ጣለው፤ መልሕቁም አሸዋውን እየጫረ ይንሸራተታል። የመልሕቁን ገመድ ለጋሼ ሰጥቶ ከፊት አቆመው፤ ሲላላ እንዲጮኽ ነገረው። ሌላ ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ጫፉን ለእኔ ሰጠኝና ከኋላ አቆመኝ። «አባትሽ ይቀመጥ፣ ምንም ነገር እንዳይነካ» ብሎ ቢላውን በጥርሱ ነክሶ ጠለቀ። እኔም ለአባባ ቃል በቃል ነገርኩት፣ እሱም እሺ አለኝ። ጀልባዋ ስትናጥ የሚይዘው ነገር ሲፈልግ ወደ ካፒቴኑ ወንበር ተሻገረና መሪውን ጨብጦ ተቀመጠ። ቁልፉ እንደተሰካ ነው። ማርሹም እንደገባ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ ካፒቴኑ ቸኩሎ ቁልፉን ሳይነቅል ነው የገባው፣ እኔም አላስተዋልኩትም።

የመረቡ ገመድ ብረቱ ላይ ነክሶ ስለያዘ ካፒቴኑ በቢላው እጀታ እየመታ ያላቅቀው ጀመር። ከሥራችን «ዷ፣ ዷ» ብሎ ተሰማ። ሁለቴ።

እማዬ፣ አንቺ የሾፌር ሚስት ነሽ፣ ይህን ታውቂዋለሽ። ረዳት ከመኪናው ኋላ ወይም ከሥር ሥራውን ሲጨርስ አካሉን ሁለቴ ይመታል፤ ሂድ ማለት ነው። ሾፌር አይጠይቅም፣ ዞሮ አያይም፤ ያስነሳል። አባባ በዚህ ምት ስንት ዳገት ወጥቷል! ከኋላ ሆኜ አየሁት፤ ጀርባው ቀጥ አለ፣ ግራ እጁ መሪውን ጠበቅ አደረገ፣ ቀኝ እጁ ደግሞ ሳይፈልግ፣ ሳያመነታ ቁልፉ ላይ አረፈ። እኔ ጅሏ ሊደገፍ መስሎኝ ነበር። ገመዱ እጄ ላይ ነው፤ ከገመዱ ጫፍ ሰው አለ፤ ሰውየው ያለው ደግሞ ከስለቱ ጋር ፊት ለፊት ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነገሩን ማገናኘት አቃተኝ። የገባው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በዚያ ምት ያደገው፣ ሲመታ የኖረው።

ጋሼ ከፊት ሆኖ «አባባ! እንዳታስነሳ! ሰው ከሥር አለ!» ብሎ ጮኸ። እንዲያ ያለ ጩኸት ከጋሼ አፍ ሰምቼ አላውቅም። የአባባ እጅ ቆመ። ቁልፉ ግማሽ ድረስ ዞሯል፤ መብራቶቹ በርተው ጀልባዋ «ጢጥ» ብላለች። ከሥር እንደገና «ዷ፣ ዷ» አለ፤ አባባ በመጋኛ እንደተመታ ደንግጦ እጁን ከቁልፉ ላይ ነጠቀና በሌላው እጁ ያዘው፤ እንደ ሌባ እጅ።

ከዚያ የሆነውን እስክሞት አልረሳውም። አባባ ወደ ጋሼ አልዞረም። አንገቱን ወዲህና ወዲያ እያደረገ፣ ጆሮውን እየሰጠ፣ ድምፁ ከየት እንደመጣ ፈለገ። ጋሼ ከፊቱ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሟል፤ በእጁ የሚደርስበት ቦታ ነው። አባባ ግን «ማነው?» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ጋሼ ልጅ እያለ በሚጠራበት ስም፣ «ረዳቴ? አንተ ነህ እንዴ?» አለ።

ጋሼ ገመዱን አስሮ መጣ። ቁልፉን ነቅሎ ጨበጠና ከአጠገቡ ተንበረከከ። አባባ «ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለኸው?» ብሎ ጠየቀው። ጋሼም «ከጠዋት ጀምሮ አለሁ፣ አባባ። ውኃ ሰጥቼህ ጠጥተሃል» አለው።

ያኔ ነው የገባኝ። አልናቀውም። አላኮረፈውም። አላየውም እንጂ! የካፒቴኑ ሠራተኛ መስሎት ነበር፤ ለዚህ ነው በባዕድ ቋንቋ ያመሰገነው፣ ለዚህ ነው ሠርቶ ሳይበላ እንዳይቀር ብሎ ያዘነለት። ገመዱን በእጄ እንደያዝኩ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አባባ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ «መሀሉ የለም» አለኝ። «ዳር ዳሩን አያለሁ። አንቺን ሳይሽ ጆሮሽ አለ፣ ፀጉርሽ አለ፤ አንቺ ግን የለሽም።» ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሮ «ያን ጊዜም እንዲሁ ነበር። አውቄ ነው የካድኩህ። መሪ ላይ ሆኜ ሁለቴ ሲመታ እጄ እኔን አይጠይቀኝም፤ አንተ ባትኖር ዛሬ የሰው ደም ይዤ እገባ ነበር» አለው። ጋሼ ግንባሩን የአባባ ጉልበት ላይ አድርጎ ቆየ፤ አባባም ፊቱን በሁለት እጁ እየዳሰሰ «ከሳህ፤ ጢም አበቀልክ» ይለዋል።

መላቀስም ጊዜ ይፈልጋል፣ እኛ ግን ጊዜ አልነበረንም። ድንጋዮቹ ቀርበዋል። ካፒቴኑ የተቆራረጠውን ገመድ ይዞ ብቅ አለና እየጎተትኩ አወጣሁት፤ ሮጦ ወደ መሪው ሄዶ ቁልፍ ሲያጣ ጮኸ። ጋሼ ጭብጡን ከፍቶ ሰጠው። ጀልባዋ ስትነሳ ከኋላችን ያለው ድንጋይ ላይ ማዕበሉ ሲፈርስ አረፋው ልብሳችንን አራሰው። በደህና ወጣን።

አባባ አላረፈም። «ልገድልህ ነበር በዪው» አለኝ። ተወው ብለው «በዪው! ልጄ ነው ያዳነህ በዪው» ብሎ ተቆጣ። ልጄ! ነገርኩት። አቶ ነፋስ መሪውን እንደያዘ ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቁልፉ ኪሴ መሆን ነበረበት። ይህን ለሁሉም አስተምራለሁ፣ ዛሬ ራሴ ረሳሁት» አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገና ነፋሱ ማታ ላይ እንደሚበርድ ነገረን።

ወደቡ ስንደርስ በመውረጃው ላይ ሰው ሞልቷል፤ አለቃዬ፣ ሠራተኞቹ፣ ሻንጣቸውን የያዙ እንግዶች። ከጀልባዋ ወደ መሬት የምታሻግር ጠባብ ሳንቃ ናት። ጠዋት አባባ ማንም እንዳይነካው ከልክሎ በእግሩ ጫፍ እየፈተሸ ነበር የተሻገረባት፤ ኩራት መስሎኝ ስቄበታለሁ። አሁን ግን ሳንቃዋ ጫፍ ላይ ቆሞ እጁን ወደ ጋሼ ዘረጋ። ድምፁን ሳይደብቅ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማው «ያዘኝ ልጄ፣ አይታየኝም» አለ። ቋንቋውን የሚሰማ ባይኖርም እጁን ሁሉም አይቶታል። ጋሼ መርቶ አወጣው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ እማዬ።

አባባ ከጋሼ ጋር ወደ ቤቱ እንዲሄድ ተስማሙና ሻንጣውን እኔ አዘጋጀሁ። እስካሁን ከፍቼው አላውቅም ነበር፤ አባባ ራሱ ነው የሚያወጣው የሚያስገባው። ካልሲዎቹ በሙሉ ጥቁር ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ጋር ቢገናኝ እንዳይሳሳት። ሸሚዞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። የጠዋቱ መድኃኒት ብልቃጥ አንገት ላይ ክር ታስሯል፣ የማታው ላይ የለም። አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ የኮቱ ቀኝ ኪስ ውስጥ ተሰፍታለች፤ የቱ ፓስፖርቱ ያለበት ኪስ እንደሆነ በጣቱ እንዲያውቅ። ስፌቱን እኮ አውቀዋለሁ፣ እማዬ፤ የትምህርት ቤት ልብሴን የሰፋው እጅ ነው። አውሮፕላን ጣቢያ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር እንዲገፋ ያደረግሽውም ለጉልበቱ አልነበረም።

አባባን ጠየቅሁት። «እናትሽን ተያት፤ እኔ ነኝ ያስማልኳት» አለኝ። እውነቱን ይሆናል። ባልሽን ሰው እንዳይንቅብሽ ስንት ዓመት ጎንበስ ቀና ብለሽ እንደሸፈንሽለት ሳስበው እጅሽን መሳም ያምረኛል። ደግሞ ወዲያው እናደዳለሁ። ጋሼ እውነት ተናግሮ አመድ አፋሽ ሆነ። ከሃዲ ተባለ፣ የአባቱን ወንበር የቋመጠ ተባለ፤ ሠርጉ ላይ ከወገኑ አንድ ሰው ሳይቆምለት አገባ። አንቺ ደግሞ ልክ እንደነበር እያወቅሽ፣ ከልጁ አስታርቂልኝ ስትዪ ለእኔ እንኳ ሹክ አላልሽኝም። ይህን ባልልሽ ያፍነኛል።

ዛሬ ጠዋት ሁለቱን አውቶቡስ ላይ ሸኝቻቸዋለሁ። አባባ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ጋሼ በዳር ነው፤ ጋሼ የሚያየውን ሁሉ ይነግረዋል፣ አባባም የመንገዱን ጠመዝማዛ ከሞተሩ ድምፅ እየለየ ሾፌሩን ያማል። የዓይን ሐኪም ያሳየዋል። የሄደው አይመለስም ቢሉትም የቀረውን ይጠብቁለት ይሆናል። የልጅ ልጁን ደግሞ በእጁ ያያታል።

በይ እንግዲህ፣ ለታናሽ እህቴ ፈተናውን በጥሩ ውጤት ካለፈች የባሕር ቀንድ አውጣ ዛጎል እንደምልክላት ንገሪልኝ። አክስቴን ያላበጠውን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለፊት ለፊት ጎረቤታችን፣ ልጇ ለወለደችላት፣ እንኳን ማርያም ማረቻት በዪልኝ። ልብስ ሰፊውን ሰላም በዪው፤ ሌላ እንዳትነግሪው። አለቃዬ እጅ ነስታለች፣ አቶ ነፋስም ሰላም ብሎሻል፤ በእሱ አነጋገር ሰላም ማለት እናንተ ዘንድ ነፋሱ እንዴት ነው ብሎ መጠየቅ ነው። አባባ «ከመሐላዋ ፈትቻታለሁ» በያት ብሎኛል።

ጋሼ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ከደረጃው ላይ ተመልሶ «እማዬን ሳሚልኝ» አለኝ። ማወቅሽን ያውቃል፤ ሻንጣውን ስንዘጋ አብሮኝ ነበር። ያን ክር የታሰረበትን ብልቃጥ ብዙ ጊዜ እጁ ላይ አገላብጦ «ምስኪን እናቴ» ብቻ ነው ያለው። እሱ ቂም የለውም፣ እማዬ። እኔ ግን አለኝ፤ የሚለቀኝ ደውለሽለት «ልክ ነበርክ» ያልሽው ዕለት ነው።

የምትወድሽና የተቆጣችሽ ልጅሽ

ከወደቡ ዳር፣ ከጀልባ መጋዘኑ በላይ ካለው ክፍሌ
ግንቦት ፲፱ ቀን